ውሃው የደጋ፣ አየሩ የቆላ፦ ለግራንድ ካንየን የጎማ ጀልባ ጉዞ የተሰጠን ዝግጅት ሲመዘን

በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ሜይ 2023 መሆኑ ነው፣ ከባለቤቴና በዕድሜ ከሚበልጡን አንድ ወዳጃችን ጋር በአሪዞና ግዛት በሚገኘው ግራንድ ካንየን ውስጥ የኮሎራዶን ወንዝ በጎማ ጀልባ ወርደናል። ጉዞው ሊስ ፌሪ ከተባለው ቦታ ተነሥቶ ፋንተም ራንች ከተባለው የጎብኚዎች ማረፊያ አጠገብ እስኪያበቃ 88 ማይል ያህል የሚሸፍን፣ አምስት ሌሊት በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ የሚታደርበት፣ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ከሸለቆው ወለል እስከ አፋፉ በእግር የሚወጣበት ነው። ለአንድ ሰው ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ከፍለናል። ያስኬደን ድርጅት በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ እንዲሠሩ ፈቃድ ከተሰጣቸው አስጎብኚዎች አንዱ ነው፤ ቅሬታ ስለማቀርብበት ስሙን አልጠቅስም። የምመዝነውም በወንዙ ላይ ያገኘነውን አገልግሎት ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ወራት ውስጥ ለጉዞው እንድንሰናዳ የተሰጠንን መመሪያ ነው በዋናነት የማየው፤ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከተከፈለው ገንዘብ ግማሹ ፍሬ የሚያፈራው ወይም የሚባክነው ገና ከቤት ሳይወጣ ስለሆነ።

ዝግጅቱ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ቦታውን ያላየ ሰው ላይገባው ይችላል። ከሊስ ፌሪ በኋላ መኪና ወደ ወንዙ ጠርዝ የሚደርስበት ቀጣዩ ስፍራ ዳይመንድ ክሪክ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል 226 ማይል ያህል፣ ማለትም ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ የወንዝ ርቀት አለ። በዚህ ሁሉ መንገድ ከፋንተም ራንች በስተቀር ሱቅ የለም፣ የስልክ ኔትወርክ የለም፣ ቤት የተረሳ መድኃኒት የሚያቀብል ሰው የለም። ከሊስ ፌሪ ተቆጥሮ አራተኛው ማይል ላይ ጀልባው እ.ኤ.አ. በ1929 በተከፈተው በናቫሆ ድልድይ ሥር ሲያልፍ፣ ከላይ እጃቸውን የሚያውለበልቡ ጎብኚዎች እንደ ጉንዳን አንሰው ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ከጀልባ ተጓዦችና አልፎ አልፎ ከሚገኝ እግረኛ በስተቀር ሰው አይታይም። ጆን ዌስሊ ፓወል እ.ኤ.አ. በ1869 ይህን ወንዝ እያጠና ሲወርድ በአራት ጀልባ የአሥር ወር ስንቅ ጭኖ ነበር የተነሣው። አንዱ ጀልባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቋጥኝ ላይ ተሰባበረ፤ የቀረውም ስንቅ በውሃ እየራሰ ተበላሸ፤ ወደ መጨረሻው ሰዎቹ በእጃቸው የቀራቸው የሻገተ ዱቄት፣ የደረቀ ፖምና ቡና ነበር። አስጎብኚዎቹ ይህን ታሪክ ማታ ማታ በጥሩ አንደበት ይተርኩታል፤ እኛን ሦስቱን ሐበሾች ግን ከሁሉ ይበልጥ ያጽናናን ቡናው አለማለቁ ነበር።

ድርጅቱ ክፍያችንን እንደጨረስን የላከልን አራት ገጽ የዕቃ ዝርዝር፣ አንድ የጤና መጠይቅ፣ አንድ የኃላፊነት ውልና የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። መጠይቁ ጥሩ ነው፤ ስለ ልብ፣ ስለ አስም፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ አለርጂ በግልጽ ይጠይቃል፤ መልሳችንን ካየ በኋላም አንድ የቢሮ ሠራተኛ ወዳጃችን ስለሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት ደውሎ አነጋግሯቸዋል። መድኃኒቱን በሁለት ከፍለው በሁለት የተለያየ ቦታ እንዲያስቀምጡ የነገራቸውም እሱ ነው፤ ይህ የባለሙያ ምክር ነው። ቪዲዮው የሙዚቃ ማስታወቂያ እንጂ ትምህርት አይደለም። ችግሩ ያለው በዕቃው ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ ምን እንደሚያዝ ይናገራል፤ ለምን እንደሚያዝ ግን አንድም ቦታ አይናገርም። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሻንጣው ሲሞላበት አስፈላጊውን አውጥቶ የማያስፈልገውን ያስቀራል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ዝርዝሩ ላይ በስድስተኛው መስመር «የዝናብ ጃኬትና የዝናብ ሱሪ» የሚል ነበር። እኛ ደግሞ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው የአየሩን ትንበያ ተመለከትን፤ ለሳምንቱ በሙሉ ፀሐይ፣ ቀን ቀን 33 እና 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የዝናብ ምልክት የሌለበት። ስለዚህ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ የገበያ አዳራሽ በጥቂት ዶላር የሚሸጠውን፣ በራስ በኩል የሚጠለቀውን ስስ የላስቲክ ካፖርት ሁለት ገዝተን ጉዳዩን ዘጋነው። ሱሪውን ጨርሰን ተውነው።

የዝናብ ልብሱ ለዝናብ እንዳልሆነ የገባን ስምንተኛው ማይል ላይ ነው። ከሊስ ፌሪ በላይ 15 ማይል ርቆ የግሌን ካንየን ግድብ አለ። ግድቡ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ውሃ ማቆር ከጀመረ ወዲህ፣ ወደ ታች የሚለቀቀው የሐይቁ የላይኛው፣ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ሳይሆን ከጥልቁ የሚሳበው ነው። በዚህም ምክንያት በሜይ ወር እጅን የሚያቃጥል በረሃ ውስጥ የሚፈሰው ወንዝ 10 ዲግሪ አካባቢ የሆነ፣ እጅ ሲነክሩበት አጥንት የሚሰብር ውሃ ነው። እኛ ደጋና ቆላ የሚለውን ነገር ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ ድልድይ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ሹራቡን መቼ ማውለቅ፣ ደጀን ሲወጣ መቼ መልሶ መልበስ እንዳለበት የሚነግረው አይፈልግም። እዚህ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ደጋውና ቆላው በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመጣሉ። ውሃው የደጋ፣ አየሩ የቆላ። ድርጅቱ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በዝርዝሩ አናት ላይ ቢያሰፍር ኖሮ ከአራቱ ገጽ ሁለቱ ባላስፈለጉ ነበር።

ባጀር ክሪክ የሚባለው የመጀመሪያው ትልቅ ራፒድ፣ ማለትም ወንዙ በቋጥኝ ተጨንቆ አረፋ እየረጨ ሽቅብ የሚነሣበት ስፍራ፣ ሁለት ማዕበል አከታትሎ ጭናችን ላይ አፈሰሰብን። በፀሐይ ላይ ብንሆን ኖሮ ደስ የሚል ማቀዝቀዣ በሆነ፤ ነገር ግን ሰዓቱ ወደ ማታ ሲቃረብ የማርብል ካንየን ግድግዳ ፀሐዩን ስለሚጋርደው ጥላው ውስጥ ገብተናል፤ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስም ተነሥቷል። ስሱ የላስቲክ ካፖርት በሕይወት አድን ጃኬቱ ሥር ተጠቅልሎ፣ አንገቱ ተቀዶ፣ ውስጡ ውሃ አቁሮ ነበር። የባለቤቴ ከንፈር ሰማያዊ ሆኖ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ያየችው ቀዛፊያችን ጀልባውን ጸጥ ወዳለው ዳር አስጠግታ ከራሷ ሻንጣ ትርፍ ጃኬትና ሱሪ አውጥታ አለበሰቻት። አንገቱና የእጁ ጫፍ ተጣብቆ የሚዘጋ፣ ወገቡ የሚጠብቅ ልብስ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ጉዞው ፍጻሜ ድረስ ባለቤቴ ያንን ልብስ ለብሳ ነው የወረደችው፤ እኔ ግን ራፒድ በመጣ ቁጥር ጀልባው መሐል ላይ ተሸሽጌ። ቀዛፊዋን ሳመሰግናት፣ በየጉዞው ቢያንስ አንድ ሰው እንደ እኛ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ትርፍ ይዛ እንደምትወርድ ነገረችኝ። ለእርሷ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሠራተኛዋ በግል ሻንጣዋ የምትሸፍነው ጉድለት የድርጅቱ ጉድለት መሆኑን መናገር ይገባኛል።

ስለ ጥጥም እንዲሁ። ዝርዝሩ «ጥጥ አይመከርም» ብሎ ያልፋል። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ቶሎ እንደማይደርቅና በነፋስ ላይ የሰውነትን ሙቀት እንደሚመጥ፣ ሱፍና ፖሊስተር ግን እርጥብ ሆነው እንኳ ጥቂት ሙቀት እንደሚይዙ አይገልጽም። እዚህ ላይ ግን ከመመሪያው ጋር የምጋጭበት አንድ ነገር አለ። ወዳጃችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ማንም ሳያውቅ ጋቢያቸውን ይዘው መጥተዋል። ቀን ቀን ውሃ በማያስገባው ከረጢት ውስጥ ተቆልፎ ስለሚውል ጠብታ አልነካውም። ማታ፣ አሸዋው የቀኑን ሙቀት ገና ሲተነፍስ፣ የተከራየነው ስሊፒንግ ባግ ለእኔና ለባለቤቴ ከመጠን በላይ ሞቆን እየተገላበጥን ስናድር፣ ጋሼ ታጣፊው አልጋ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ ንጋት አይነቃነቁም ነበር። በሜይ ወር ለሚሄድ ሰው ጋቢ ከድርጅቱ የመኝታ ዕቃ የተሻለ ነው ብዬ ለመጻፍ አላመነታም፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ።

ከረጢቱን ካነሣሁ ዘንድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ትልልቅ ይሰጣል፤ አንዱ ለልብስ፣ አንዱ ለመኝታ። የሚሰጡት ግን ከመነሻው ዋዜማ ማታ ፍላግስታፍ በተባለችው ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ነው። መጠኑን አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ይዘን የመጣነውን ግማሽ ሻንጣ ልብስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እየመረጥን ባልጣልን ነበር። አዘጋጉም ትምህርት ይፈልጋል። ዕቃው ከገባ በኋላ ከረጢቱ ላይ በጉልበት ተንበርክኮ አየሩን ማስወጣት፣ የአፉን ሁለት ከንፈሮች ምንም ክር ወይም የልብስ ጫፍ ሳይገባባቸው ገጥሞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መጠቅለል፣ ከዚያ ዘለበቱን መግጠም። እኔ ከረጢቱን ከመጠን በላይ ስለሞላሁት መጠቅለል የቻልኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ማታ ስከፍተው ካልሲዎቼ ሁሉ ርሰዋል። ቀን ቀን ደግሞ ትልቁ ከረጢት ጀልባው ላይ ስለሚታሰር አይነካም፤ የፀሐይ ቅባት፣ ሹራብ፣ መድኃኒትና የውሃ ኮዳ በትንሿ የቀን ከረጢት ውስጥ መሆን አለባቸው። ይህ በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ግን በአራተኛው ገጽ ግርጌ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። መጠይቁ «ዋና ይችላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቴ «አልችልም» ብላ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላላትም። ዋና አለመቻል ከዚህ ጉዞ አያስቀርም፤ የፓርኩ ደንብ በወንዙ ላይ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲለብስ ያስገድዳል፤ ጃኬቱም ሰውን ያንሳፍፋል። ነገር ግን በሕይወቱ ከወገብ በላይ ውሃ ገብቶ የማያውቅ ሰው ድንገት ቢገለበጥ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ቆሞ መሬት መፈለግ ነው፤ በፈጣን ውሃ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይኸው ነው፤ እግር በድንጋይ መካከል ከተሰነቀረ የውሃው ግፊት ሰውየውን ወደ ፊት ደፍቶ ይይዘዋል። ትክክለኛው በጀርባ ተንጋሎ፣ የእግርን ጣት ከውሃው በላይ አድርጎ፣ ውሃው ወደሚሄድበት እያዩ መንሳፈፍ፣ ከዚያ ጀልባው ሲጠጋ ወደ እርሱ መቅዘፍ ነው። ይህን ሊስ ፌሪ ላይ በግሩም ሁኔታ አስተምረውናል። እያንዳንዳችንን አቁመው የጃኬቱን የትከሻ ማንገቻ ሽቅብ እየጎተቱ ጆሯችን ጋ ይደርስ እንደሆነ ፈትሸዋል፤ የባለቤቴን ሁለት ጊዜ አውልቀው ቀይረውላታል። የሚወረወር ገመድ እንዴት እንደሚያዝ፣ በትከሻ በኩል እንደሚያልፍ፣ በእጅ አንጓ ላይ ግን ፈጽሞ እንደማይጠመጠም አሳይተዋል። ግን ይህ ትምህርት የተሰጠው አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረን ነው። ድርጅቱ ከስድስት ወር በፊት «ሰፈራችሁ ያለ ገንዳ ሄዳችሁ ጃኬት ለብሳችሁ በጀርባ መንሳፈፍን ተለማመዱ» የሚል አንድ መስመር ቢጽፍልን ኖሮ፣ ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍና ባላሳለፈች ነበር። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ዋና የማይችል ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን ነጥብ አጥብቄ ነው የምጽፈው።

ዋና መቻል ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ጋሼ አሳይተውናል። ባሕር ዳር ነው ያደጉት፤ ልጅ ሳሉ በደንገል ታንኳ ጣናን ያቋረጡ፣ አሁንም በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ገንዳ ውስጥ ወጣቱን የሚያስከነዱ ሰው ናቸው። ከሃያኛው እስከ ሠላሳኛው ማይል ራፒዶቹ እየተከታተሉ የሚመጡበት ክፍል አለ፤ በዚያ ውስጥ አንዱ ላይ፣ ትልቁን አልፈን ሁላችንም ስንስቅ፣ ከኋላ የመጣ የጎን ማዕበል ጋሼን አንሥቶ ወሰዳቸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ አፋቸው ተከፍቷል፤ ነገር ግን አየር ሲስቡ አይታይም። ብርዱ ደረታቸውን ጨምድዶት፣ የሚያውቁትን ዋና ሁሉ አስረስቷቸው ነበር። ቀዛፊያችን መቅዘፊያውን ሳትለቅ ስማቸውን ጠርታ ወደ ጀልባው እንዲዞሩ ጮኸችባቸው፤ እኔና አንድ ሌላ ተጓዥ በትከሻ ማንገቻቸው ይዘን ወደ ውስጥ ጎተትናቸው። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ትንፋሻቸው ሲመለስ፦

«ጋሼ፣ ደኅና ኖት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጣና ሰውን እንዲህ አይቀበልም» አሉኝ።

የቀዝቃዛ ውሃ ድንጋጤ የሚያልፍ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽን መቆጣጠር የቻለ ሰው ከዚያ በኋላ እጁና እግሩ ይታዘዙለታል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ፣ ከተቻለም ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ሻወር ሥር ቆሞ ትንፋሽን እያረዘሙ መለማመድ ገንዘብ የማይጠይቅ ዝግጅት ነው። ከድርጅቱ በተላኩት ወረቀቶች ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል አላገኘሁም።

ጫማን በተመለከተ ዝርዝሩ ትክክል ነው። ነጠላ ጫማ ከወንዙ ጭቃና ከውሃው ግፊት ጋር አይሄድም፤ ተረከዙ ላይ የሚታሰር ሳንደል ያስፈልጋል። ለጉዞው ፍጻሜ ደግሞ የተለማመዱበት የእግር መንገድ ጫማ መያዝ አለበት፤ አዲስ ጫማ ይዞ የመጣ አንድ የጉዞ ባልደረባችን ተረከዙን ልጦ ወጥቷል። ያልተጻፈው ነገር፣ አሸዋ፣ ፀሐይና ውሃ ሲፈራረቁ የእጅ ጣትና የተረከዝ ቆዳ እንደሚሰነጣጠቅ ነው። ባለቤቴ ቫዝሊን ይዛ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ከአስጎብኚዎቹ ጭምር የሚለምኗት ሰዎች ተሰልፈው ነበር።

ምግቡ ከጠበቅነው በላይ ነበር፤ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ የመጣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ትኩስ አትክልት፣ በከሰል ላይ የተጋገረ ኬክ ሳይቀር። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕና ዓርብን አልጾምንም፤ በሌላ ጊዜ የሚሄድ ጿሚ ግን መጠይቁ ላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የጸዳ ምግብ እንደሚፈልግ ቀኑን ጠቅሶ ቢጽፍ ድርጅቱ እንደሚያዘጋጅለት ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እኛ በተጨማሪ ሁለት ኪሎ ጨው ያለው ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዘን ነበር። ይህን እንደ ቀልድ የሚያይ ካለ፣ በዚያ ሙቀት ውሃ ብቻ እየጠጣ ጨው የማይበላ ሰው የደሙ ጨው ቀጥኖ ሊታመም እንደሚችል፣ ፓርኩም ለእግረኞች ጨዋማ ቁርስ እንዲይዙ አጥብቆ እንደሚመክር ይወቅ። መጸዳጃው ድንኳን አልነበረውም፤ ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ነው፤ ከካምፑ ራቅ ብሎ፣ ወንዙን እያሳየ ይቀመጣል፤ ሁሉም ነገር ተጭኖ ከሸለቆው ይወጣል። ሽንት ግን ወንዙ ውስጥ ነው። ይህን ለባለቤቴ አስቀድሞ የነገራት ሰው ባለመኖሩ የመጀመሪያው ማታ በመካከላችን ረዘም ያለ ውይይት ተደርጓል።

ካምፖቹ እጅግ ያማሩ ነበሩ። ከእኛ መሄድ በፊት፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ ከግድቡ ለሦስት ቀናት ከፍተኛ ውሃ ተለቅቆ ስለነበር ወንዙ ከሥሩ ያነሣውን አሸዋ በየዳሩ አስቀምጦታል፤ እግር የሚሰምጥበት አዲስ አሸዋ ላይ ነው ያደርነው። ጫማን ጠዋት አራግፎ መልበስ ግን ግድ ነው፤ ጊንጥ አለ።

የመጨረሻው ቀን ለእኔ የዚህ ግምገማ ዋና ምክንያት ነው። ከወንዙ እስከ ደቡባዊው አፋፍ ድረስ ብራይት ኤንጅል የሚባለው መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚወጣውም ወደ 1,340 ሜትር ቀጥ ያለ ከፍታ ነው። ወለሉ 730 ሜትር፣ አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ድርጅቱ ይህን «መጠነኛ ብርታት የሚጠይቅ የእግር ጉዞ» ብሎ ገልጾታል። መጠነኛ! የአባይን በረሃ ከወንዙ እስከ ደጀን በእግር የሚወጣ ሰው መጠነኛ ጉዞ አደረገ አይባልም። ደግሞ ይህ የሚደረገው አምስት ቀን ጀልባ ላይ ተቀምጦ እግር ከሰነፈ በኋላ ነው።

እኔና ባለቤቴ በዕድል፣ በሌላ ምክንያት፣ ለሦስት ወር ያህል በየሁለት ሳምንቱ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለውን የማኒቱን ደረጃ ስንወጣ ነበር። ያ መንገድ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 2,000 ጫማ ያህል ያስወጣል፤ የካንየኑ መውጫ ከዚያ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ዴንቨር አካባቢ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ ሌላ ቦታ ያለ ሰው የፎቅ ደረጃ ቢወጣና ቢወርድ፣ አምስት ኪሎ ያህል ጀርባው ላይ አዝሎ ቢለማመድ ይበቃዋል። ጋሼ ዋናቸውን ተማምነው ለእግራቸው አልተዘጋጁም ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን፣ ዲያብሎስ ጠመዝማዛ የሚባለውን ዳገት ፀሐይ ሳትወጣ ጨርሰን፣ ሀቫሱፓይ ጋርደንስ ስንደርስ እግራቸውን በውሃ ነክረው ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። ይህ ስፍራ የድሮ ስሙ ተለውጦ እ.ኤ.አ. በ2022 በቦታው ይኖሩ በነበሩት የሀቫሱፓይ ሕዝብ ስም የተሰየመው ነው፤ ጥላና የሚጠጣ ውሃ አለው፤ የመንገዱም እኩሌታ ነው። ከዚያ በላይ በየመቶ እርምጃው እየቆምን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ጎብኚ ተሸክመው ለሚወርዱ በቅሎዎች ጥግ እየያዝን ወጣን። እኛ ብቻችንን በስምንት ሰዓት የምንወጣው መንገድ ከእርሳቸው ጋር አሥር ሰዓት ተኩል ፈጀ። በቅሎዎቹን ባዩ ቁጥር «በአገራችን ቢሆን እኔን ነበር የሚጭኑት» ይሉ ነበር። ሻንጣን በበቅሎ አስጭኖ ማውጣት እንደሚቻል፣ ግን አስቀድሞ መያዝ እንዳለበት ያወቅነውም ከሌሎች ተጓዦች፣ ፍላግስታፍ ላይ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ይህ የድርጅቱ ሁለተኛ ትልቅ ጉድለት ነው።

ለማጤን ያህል፣ ቦታ ለመያዝ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ማለት ይሻላል፤ ከመነሻው ቀን በፊት ባሉት ሦስት ወራት ከተሰረዘ ገንዘብ ስለማይመለስ የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ብልህነት ነው። ፓርኩ ለአንድ ሰው በዓመት ከአንድ በላይ የመዝናኛ የወንዝ ጉዞ አይፈቅድም።

ነጥብ ልስጥ ካልኩ፣ በወንዙ ላይ ላገኘነው አገልግሎት፣ ለቀዛፊዎቹ ችሎታ፣ ለደኅንነት ትምህርቱና ለምግቡ ከአምስት አምስት። ለዝግጅት መመሪያው ከአምስት ሁለት፤ ሁለቱም ለጤና መጠይቁና ለቢሮ ሠራተኛው የስልክ ጥሪ ናቸው። ተመልሼ ልሂድ ቢባል የምሄደው ከዚሁ ድርጅት ጋር ነው፤ ወረቀታቸውን ግን ቤቴ ትቼው።

ከተመለስን በኋላ እዚህ ያነሣሁትን ሁሉ በኢሜይል ጽፌ ላክሁላቸው፤ በትሕትና አመስግነው መልስ ሰጡኝ። ዘንድሮ ከእነርሱ ጋር ለመሄድ የተመዘገበ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ የደረሰውን ዝርዝር አሳየኝ። ስድስተኛው መስመር አሁን «የዝናብ ጃኬትና ሱሪ፣ ዝናብ ባይኖርም፣ ወንዙ ቀዝቃዛ ስለሆነ» ይላል። ስለ እግር ጉዞው የተጻፈው ግን እንዳለ ነው፤ አሁንም መጠነኛ።